ለአንድ ኮርስ ሦስት ሽማግሌ

ቅዳሜ ጠዋት መልአኩ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ አባቱን አየና ባለበት ቆመ። የኔታ ጽጌማርያም በዓል በሌለበት ቀን የበዓል ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ለንግሥ ካልሆነ ከሳጥን የማትወጣውን ነጭ ኩታ ደርበው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። የኔታ በላሊበላ ከተማ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ናቸው። አርባ ዓመት ብራና ላይ ጎንበስ ብለው ከመጻፋቸው የተነሳ ቀና ብለው ሲሄዱ ያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ግን ቀና ብለዋል። ይህ ደግ ምልክት እንዳልሆነ ልጃቸው በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜው ተምሯል።

“አባየ፣ ወዴት ነው?”

“አንተም ልበስ። ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ አስገባ።”

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። የነገረችው እናቱ አሰለች ናት፤ ሸሚዙን ስታቀብለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ትናንት በስልክ ያልከውን ሁሉ ሰምተውሃል” አለችው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። በዚያ ኮምፔንሳቶ ሹክሹክታም ያልፋል፤ መልአኩ ደግሞ ትናንት ከሰዓት ሹክ አላለም፣ ጮኋል። የዶርም ጓደኛውን አብዱልሀሚድን በስልክ ይዞ “ስድስታችሁንም እኔ ተሸክሜ አሻገርኳችሁ! አንድ መስመር ሳትጽፉ ውጤት ታፍሳላችሁ፣ እኔ ሠርቼ ኤፍ ልታቀፍ!” ብሎ ነበር። አብዱልሀሚድም ብዙ አልመለሰለትም፤ ኔትወርኩ ነው እንዴ እስኪባል ድረስ ዝም ብሎ ሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልአኩና ስድስት የዶርሙ ልጆች ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ግሩፕ የቅየሳ ፕሮጀክት ሠሩ። ከመኝታ ሕንጻቸው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መሬት ለክተው፣ በየክረምቱ ምድር ቤቱን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ የሚወጣበትን ቦይ መንደፍ ነበር ሥራው። ስሌቱንም ጽሑፉንም መልአኩ ወሰደ። ሽፋኑን ሲያዘጋጅ የስድስቱን ስም ከነመታወቂያ ቁጥራቸው በሥርዓት ደረደረና የራሱን በመጨረሻው ቅጠል ግርጌ፣ ከዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር በታች፣ በደቃቅ ፊደል አስቀመጠው። ሲያድግ ያየው እንዲያ ነው፤ አባቱ አንድ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ደክመው ጽፈው ስማቸውን የሚያኖሩት መጨረሻው ላይ ነው፣ ያውም “ኃጥእ” የምትለውን ቃል አስቀድመው። አስተማሪዋ ግን የሦስት ክፍል ተማሪ ወረቀት ስታርም ሰንብታ የሽፋኑን ስም ብቻ አየችና ወደ ኮምፒውተር አስገባች። ስድስቱ ቢ ፕላስ አገኙ። በመልአኩ ስም ትይዩ “ኤንጂ” የሚሉ ሁለት ፊደላት ተቀመጡ፤ ውጤት አልመጣም ማለት ነው። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። ኮርሱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ የሚቀጥሉት ሦስት ኮርሶች ደግሞ ያለ እሱ አይወሰዱም። እንግዲህ ጓደኞቹ ወደ አራተኛ ዓመት ሲያልፉ እሱ ዓመት ሙሉ እናቱ ቤት ቁጭ ሊል ነው።

አስተማሪዋ፣ ተማሪው ሁሉ ሚስ ፋና የሚላት፣ የዚሁ የላሊበላ ልጅ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ከእናቷ ቤት ናት። ነገ በማለዳ የጋሸናውን መኪና ይዛ ትመለሳለች። መልአኩ ሦስት ጊዜ መልእክት ጽፎላት ሦስቱንም ሳይልክ አጥፍቶታል። በዩኒቨርሲቲው አስተማሪን መፍራት ከፍሬሽማንነት ጀምሮ የሚለመድ ነው፤ ቢሮዋ በር ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ሳያንኳኳ የተመለሰ ተማሪ ብዙ ነው። ለየኔታ ግን ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ከቅኔ ቤት በተባረሩ ጊዜ ሦስት ሽማግሌ ወደ መምህራቸው ልከው፣ ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ ቆመው ውለው፣ ማታውን ይቅርታ ተገኝቷል። ዩኒቨርሲቲውም ለእሳቸው ሰፋ ያለ ቅኔ ቤት ነው። መምህር ካለ ቅያሜ አለ፣ ቅያሜ ካለም ሽማግሌ አለ። ለዚህ ደግሞ ቄስ ደሳለንና ጎረቤታቸውን አቶ ፈንታውን፣ ጡረታ የወጡትን ልብስ ሰፊ፣ ትናንት ማታውኑ ለምነው ጨርሰዋል።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከዙሪያው የመጣው ሰው ሁሉ አህያውን እየነዳ ዳገቱን ይወጣል። አራቱ ቁልቁል ወረዱ። ባጃጅ ይያዝ ቢባል አቶ ፈንታው “ሽማግሌ በባጃጅ ተጠቅጥቆ ይሄዳል እንዴ!” ብለው ተቆጡና በእግር ሆነ። ሦስት አዛውንት ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያስገባ ወጣት ተከትሎ ሲሄዱ ያየ ሁሉ “በጎ ነው?” ይላል። አቶ ፈንታው “በጎ ነው፣ በጎ ነው” ይላሉ። ጠያቂው መልአኩን ከላይ እስከ ታች አይቶ ፈገግ ይላል። የቲማቲም ዋጋ ሲያማርሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው አሳለፏቸው፤ አንዷም በረዥሙ እልልታ ልትጀምር ሌላዋ አፏን በእጇ ያዘችላት። መልአኩ ይህን ሁሉ አየ እንጂ ልብ አላለውም። ልቡ ዶርም ቁጥር 214 ነበር።

በዚያ ክፍል አራት ተደራራቢ አልጋ አለ፤ ሰባቱ አልጋ ላይ ሰው ይተኛል፣ ስምንተኛው ላይ ሻንጣ። ውኃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ስለሆነ ጄሪካን የሚሞላ ተረኛ አለ። ፈተና ሲደርስ ቤተ መጻሕፍቱ ገና በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ይጀመራልና ሰሎሞን ሰባት ደብተር ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሰባት ወንበር ላይ ሰባት ደብተር ጥሎ፣ የሌላ ዶርም ልጆች ሲሰድቡት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይቀመጣል። የካፌው ሽሮ ሲቀጥን አብዱልሀሚድ ከቤቱ ባመጣው በርበሬ ነፍስ ይዘራበታል። መልአኩ ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጊዜ ዳቦውን በሻይ እያራሰ ያጎረሰው እሱ ነው። ይህን ሲያስብ በትናንቱ ጩኸቱ አፈረ። ወዲያው ደግሞ ኤንጂ ትዝ አለውና ንዴቱ ተመለሰ። ሁለቱ ስሜት እየተፈራረቁበት የሚስ ፋና እናት በር ላይ ደረሱ።

ወይዘሮ ይማርሽ አራት የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው። እንግዳ የለም፤ ስለዚህ ብርድ ልብስ አጥበው ግቢው ውስጥ ያሰጣሉ። ሦስቱን ሽማግሌዎች በር ላይ ሲያዩ ብርድ ልብሱ ከእጃቸው ወደቀ።

“ኧረ ግቡ! ግቡ የኔታ! ምነው በር ላይ?”

“እንገባለን፤ ግን አንቀመጥም” አሉ ቄስ ደሳለ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።”

ወይዘሮ ይማርሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ፋና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማስተርሷን ይዛለች፣ ደመወዝ አላት፣ ትዳር ግን የላትም። እኩዮቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እያመላለሱ ነው። በዚህች ከተማ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ አንቀመጥም ካለ ለምን እንደመጣ የማያውቅ እናት የለችም። “እሰይ፣ እሰይ” እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ። “ልብስሽን ቀይሪ! ያን ቦላሌ አውልቂው አልኩሽ!” የሚል ቁጣም ተሰማ። ተመልሰው ሲወጡ አዲስ ሻሽ አስረዋል፣ ብብታቸው ሥር ደግሞ ዶሮ ይዘዋል።

መልአኩ ይህን ሁሉ ያየው ከአባቱ ትከሻ ኋላ ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ነው የመንገዱ ፈገግታ ሁሉ አንድ ላይ የገባው። ጆሮው ጋለ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን የገባቸው ነገር የለም፤ በክብር ቆመዋል። ወይዘሮ ይማርሽ ወደ አቶ ፈንታው ጠጋ አሉና “ዘንድሮ ሙሽራውም አብሮ ይመጣል እንዴ?” አሉ። ቀጥለውም መልአኩን እንደ ገበያ በግ አገላብጠው አዩት። “ለጋ ነው። ቢሆንም የየኔታ ልጅ ነው፤ ዕድሜ እንደሆነ ይደርሳል።”

አቶ ፈንታው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ቄስ ደሳለ ናቸው ቶሎ የነቁት። “የለም፣ የለም ይማርሽ! ለጋብቻ አይደለም የመጣነው። ስለ ልጁ የትምህርት ውጤት ልጅሽን ልንማጸን ነው።”

“ለውጤት?”

“ለውጤት።”

“ለውጤት ሦስት ሽማግሌ!” አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። ዶሮዋን ለቀቋት፤ ዶሮዋ ክንፏን አራግፋ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሴትዮዋ ቀና ብለው የሳቁ ቢመስሉም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ መልአኩም አየው፣ በጣምም አዘነ። ደጃፉ ላይ ቦላሌዋን ሳትቀይር የቆመችው ፋናም አየችው። መጥታ እናቷን ትከሻቸው ላይ እቅፍ አደረገቻቸው። “እማ፣ አብሽሪ። ቢያንስ ዶሮዋ ተርፋለች” አለቻቸው። ወይዘሮ ይማርሽ በኩርኩም ሊሏት ቃጡና ሳቃቸው አመለጣቸው። ያን ጊዜ የኔታም ሳቁ፤ ለአፍታ ብቻ።

ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉዳያቸውን ጀመሩ። ሲጀምሩም ልጃቸው እንደጠበቀው አላሳጠሩትም፤ ትናንት በኮምፔንሳቶው የሰሙትን ሁሉ ዘረገፉት፣ ጨማመሩበትም። “ልጄ ብቻውን ሌት ተቀን ሠራ። ስድስት ሰነፎች፣ ስድስት መዥገሮች ተጣብቀውበት፣ አንዲት መስመር ሳይጽፉ፣ እሱ የዘራውን እነሱ አጨዱት። የእነሱ ስም ሽፋን ላይ ነግሦ የእሱ ከመጽሐፉ ግርጌ ወድቆ ቀረ። ይህን በሰማሁት መጠን፣ አርባ ዓመት ቃለ እግዚአብሔር በጻፍኩበት በዚህ እጄ እመሰክራለሁ።” ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ቀለም የዘለቀው የጣታቸው ጫፍ ጥቁር ነው። ቄስ ደሳለ “እኛም ከየኔታ ቃል አንወጣም” አሉ። አቶ ፈንታውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፋና ገብታ በፌስታል የታሰረ የወረቀት ክምር አመጣች። ከመካከሉ የእነሱን መዘዘችና ሽፋኑን አየች፣ ቀጥላ መጨረሻውን ገለጠች። ብዙ ጊዜ አላነበበችም፤ አንድ መስመር ናትና። “አለ” አለች። “ስምህ አለ። ይህን ቅጠል አልገለጥኩትም።” ጉንጯ ቀላ። መልአኩ አስተማሪ ሲያፍር አይቶ ስለማያውቅ የሚያይበት ጠፋው። “ቅጹን ሞልቼ ለትምህርት ክፍሉ እልካለሁ፣ ከሰኞ በፊት ይስተካከላል። ግን የኔታ ያሉት ሌላ ነገር ነው። ስድስቱ ካልሠሩ እያወቅኩ ቢ ፕላስ ልተውላቸው አልችልም። ስማቸውን ሰርዤ ነው አንተን የማስገባው። የእነሱ ኤፍ ይሆናል። ንገረኝ፤ ሠርተዋል አልሠሩም?”

መልአኩ አልሠሩም ቢል አንድ ቃል ነው፤ ውጤቱ ይስተካከላል፣ አባቱ እንደተከበሩ ይመለሳሉ፣ ሁለት ሳምንት ያንገበገበው ንዴትም ይወጣለታል። ሠርተዋል ካለ አባቱን በሁለት ሽማግሌና በአንዲት እናት ፊት ውሸታም ማድረጉ ነው፤ ያውም የጻፉበትን እጅ አንስተው ከመሰከሩ በኋላ። አባቱ ዞረው አዩት። ንገራት እንጂ ምን ይዞሃል ይላል ዓይናቸው።

“ሚስ” አለ። “የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሬቱን ግን እኔ አለካሁትም። መለኪያ ዘንጉን በዚያ ፀሐይ አራት ቀን ሙሉ ይዞ የቆመው አብዱልሀሚድ ነው፤ አፍንጫው ተልጦ ነበር። መሣሪያውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ሰውየውን ለምኖ ያወጣው ሰሎሞን ነው። ሥዕሉን በኮምፒውተር የሠራው ኢክሪማ ነው፤ እኔ አልችልበትም። ሦስቱ ደግሞ ቦይው የሚያልፍበትን እየቆፈሩ አፈሩን አይተዋል። እኔ ስሌት ስሠራ የጄሪካን ተራዬንም እነሱ ናቸው የሞሉልኝ።” ወደ አባቱ ዞረ። “አባየ፣ ትናንት ተናድጄ ነው። ብቻዬን አልሠራሁትም።”

የኔታ ቀኝ እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተቱት። አቶ ፈንታው ሳል ሳይኖራቸው ሳሉ። መልአኩ በሕይወቱ አባቱን እንዲህ ያዋረደበት ቀን አልነበረም፤ ቢመቱት፣ ቢረግሙት በተሻለው ነበር። ፋና ወረቀቱን አጠፈችና ቀስ ብላ “እንግዲያው ስህተቱ የኔ ብቻ ነው” አለች። “እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ። ያው ቢ ፕላስ ነው፣ ከጓደኞችህ ጋር።”

“ተመስገን! ተመስገን!” አሉ ቄስ ደሳለ። ወይዘሮ ይማርሽም እንደ ቤቱ ባለቤት ነቃ ብለው ወንበሮቹን ወደ ፊት ገፉ። “እንግዲህ ጉዳያችሁ ተሰማ፣ ሞላላችሁም። አሁን ተቀመጡ! ዶሮዋ ሸሸች እንጂ ጠላም አለ፣ እንጀራም አለ።” ቄስ ደሳለ ተቀመጡ። አቶ ፈንታው ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። የኔታ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

“የኔታ፣ በሞቴ?”

“እኔስ አልቀመጥም” አሉ። “ስድስት የሰው ልጆች መዥገር ብያለሁ። ፀሐይ ላይ ቆመው የዋሉ ልጆች። በምስክር ፊት ነው የሰደብኳቸው፣ በምስክር ፊት ይቅር፣ አፉ ሳይሉኝ አልቀመጥም።” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ስልክህን አምጣ። ያን አፍንጫው የተላጠውን ደውልልኝ፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርገህ።”

“አባየ፣ እነሱ እኮ አልሰሙም። አያውቁም።”

“እኔ አውቃለሁ።”

መልአኩ ደወለና ድምፁን ከፍቶ ስልኩን በመዳፉ አስቀመጠ። አብዱልሀሚድ ኮምቦልቻ እናቱ ቤት ነው፤ ከበስተኋላው ቴሌቪዥን ይጮኻል። “አቤት መልአኩ፣ በትናንቱ ስድብ ላይ ልትጨምርልኝ ነው?” አለ። የኔታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፤ ብራና ላይ እንደሚጎነበሱት።

“ጽጌማርያም እባላለሁ፤ የመልአኩ አባት ነኝ። ልጄ፣ ሳላውቅህ ክፉ ተናግሬብሃለሁ። ሰነፍ ብዬሃለሁ፣ መዥገር ብዬሃለሁ። ቆሜ ነው የምለምንህ፤ አፉ በለኝ።”

ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ከዚያ አብዱልሀሚድ “አባባ” አለ፤ እንደ ወትሮው አይቀልድም። “የመልአኩ ስም ሽፋኑ ላይ እንደሌለ እኔ አይቻለሁ። ወረቀቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ቢሮው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ብናገር ይመልሱብናል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ደግሞ ለእሱ መናገር አፈርኩ። ትናንት ሲጮህብኝም ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እርስዎ አይደሉም ጥፋተኛው።”

መልአኩን ታይፎይድ ይዞት ያጎረሰው ልጅ፣ አይቶ ዝም ያለው ልጅ፣ ያው አንድ ሰው ነው። ንዴቱ ተነሳ፤ ወደ አፉም መጣ። ግን ፊት ለፊቱ አባቱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለአንድ የማያውቁት ልጅ ቆመው ይጠብቃሉ። “አብዱ” አለ መልአኩ፤ “እኔም ተሸከምኩህ ብዬሃለሁ። ተሸክሜህ አላውቅም። አፉ በለኝ፣ አፉ ብዬሃለሁ።”

“አፉ ብያለሁ” አለ አብዱልሀሚድ፤ ሲናፈጥ ተሰማ። “ለእርስዎም አባባ፣ አፉ ብያለሁ። በአላህ ይቀመጡ አሁን፤ መቆም ለምን?”

ወይዘሮ ይማርሽ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወንበሩን በየኔታ ጉልበት ሥር አስጠጉ። “ሰሙ አይደል? ልጁ ራሱ ይቀመጡ ብሏል።”

“ሰምቻለሁ፣ ይባረክ” አሉ የኔታ። ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ቀና አሉና ለልጃቸው አገጫቸውን ወደ ስልኩ ነቀነቁ። “አምስት ይቀሩኛል። ደውል።”